በሕግ አምላክ ያልኩ ለት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሞጣ መጣች። ተማሪ በየመንገዱ ይፈተሽ ስለነበር መውጣት ፈርታ ቤት ዋለች።

«ምን ያስፈራሻል? የሚነካሽ ቢኖር በሕግ አምላክ እለዋለሁ» ብዬ ገበያ ይዣት ወጣሁ። በአገራችን ዱላ የተማዘዘ ሰው እንኳ ይህን ቃል ሲሰማ ይቆም ነበርና፣ አምኜው ነው።

ገበያው መግቢያ ላይ አንድ የቀበሌ ጥበቃ አስቆማት። ቦርሳዋን መሬት ላይ ዘረገፈው፤ የውስጥ ልብሷ ሳይቀር በሰው ፊት ተበተነ። እኔም ጋቢዬን አደግድጌ «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

«አያ፣ እሱ እኮ ከንጉሡ ጋር ሄዷል» ብሎ ሳቀ። ገበያተኛውም እንዳልሰማ አለፈ። ደግሜ ስጮህ የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ እኔ መለሰው።

ልጄ መካከላችን ገባች። «ወንድሜ፣ በእናትህ ተዋቸው። አባቴ ናቸው፤ የዛሬውን ነገር አያውቁም» ብላ ለመነችልኝ። ተወኝ።

ልብሷን ከአፈር ስትለቅም፣ ጎንበስ ብዬ እንኳ ላግዛት አፈርኩ። ስንመለስ፣ እንደ ወጉ እሷ ከኋላዬ መሄድ ነበረባት። ፊቴን እንዳታየው ብዬ፣ እኔ ከኋላዋ ሄድኩ።