ከሚዛኑ የሚሰማው የአባቴ ድምፅ

ቡሬ ባለ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አባቴ ከሞቱም በኋላ ኪሎ ይናገሩ ነበር። ቀልዴን አይደለም።

በሕይወት ሳሉ ሥራቸው ይኸው ነበር። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎውን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ገበሬውም የእሳቸውን ድምፅ ሰምቶ ያምናል። ሚዛኑ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ በፕሮግራም አጻጻፍ ዴሊጌት፣ ማለትም ተወካይ፣ የሚባለው ነገር ቀልቤን ስቦት ነበር። የሚመዝነው ኮድ ኪሎውን ማን እንደሚናገር አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ለተወካይ ባዶ ቦታ ይተውና፣ ጆንያ በተመዘነ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠውን ሥራ ይጠራል። ያንኑ ኮድ አንድ ፊደል ሳልነካ ፍኖተ ሰላም ወዳለ ሌላ መጋዘን ወስጄ፣ ደረሰኝ የሚያትም ሥራ ሰጠሁት። ለቡሬው ግን የአባቴን ድምፅ ቀዳሁለት። ቁጥሮቹን ተናግረው ሲጨርሱ፣ "በል እንግዲህ፣ እኔ ልረፍ፤ ይሄ ይጩህልኝ" ብለው ሳቁ።

ከቀብራቸው በኋላም ድምፁን አላነሳሁትም። ሰበብ እየፈለግሁ መጋዘኑ እሄድና ከጆንያዎቹ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ደግሞ መልሼ እሄዳለሁ። ናፍቀውኝ ነበር፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ተስካራቸው ካለፈ በኋላ እናቴ በቆሎ ልትሸጥ መጣች። አስቀድሜ ላጠፋው ይገባኝ ነበር፤ ጨርሶ አልመጣልኝም። ጆንያዋ ሚዛን ላይ ወጣ።

"ሃምሳ ሁለት" አሉ አባቴ።

"አቤት" አለች እናቴ።

ሸክም የያዙት ሰዎች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ፣ "ልጄ፣ አባትህ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው? አሳርፋቸው እንጂ" አለችኝ።

እዚያው ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጥኩ። ተወካዩን፣ የአባቴን ድምፅ፣ ከቦታው ለማንሳት አንድ መስመር ይበቃል። ቢያንስ እንዲያስቸግረኝ ፈልጌ ነበር፤ አላስቸገረኝም። የሚጠራ ተወካይ ከሌለ ዝም ብሎ እንዲያልፍ ድሮውኑ ጽፌበታለሁ። ኮዱ ተሰብሮ ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነበር።

የሚቀጥለው ገበሬ ጆንያ ወጣ። ቁጥሩ የሚዛኑ መስታወት ላይ በራ፤ ምንም የጎደለ አይመስልም። ሰዎቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እናቴ ግን የበቆሎዋን ሒሳብ ተቀብላም አልሄደችም። አንዱ ጆንያ ወርዶ ሌላው ሲወጣ፣ ጆሮዋን ወደ ሚዛኑ አዘንብላ ትጠብቅ ነበር።