ድሬዳዋ ድረስ በባቡር

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ከሦስት በቅሎዎቹ ጋር ለጦሩ ስንቅ እንዲጭን ወሰዱት። በሕይወት መኖሩን የሰማነው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። አንድ የይጁቤ ገበያ ነጋዴ ለአባቴ፣ «ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይሠራል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አላቸው። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። እናቴ የለችም። እኔ ባሌ ሞቶብኝ፣ ልጅም ሳልወልድ፣ አምበር አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት የተመለስኩ ሴት ነበርኩ።

«አንቺው ሂጂና አምጪልኝ» አሉኝ።

የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ በጣሊያን ካሚዮን ላይ ከቆዳ ጭነት ጋር ተቀምጬ ዓባይን ተሻገርኩ። ጎረቤቶቻችን ሲሸኙኝ ብዙ አልተናገሩም። የአጎቶቼ ልጆች ሳይቀሩ ጫካ ገብተው በሚዋጉበት ጊዜ በጠላት መኪና መሄድ ለማንም ደስ አይልም።

አዲስ አበባ ለገሃር ደርሼ ባቡሩ ላይ ወጣሁ። ነጮቹ ከፊት ባሉት ፉርጎዎች፣ እኛ ከኋላ የእንጨት አግዳሚ ላይ ነበርን። እውነቱን ለመናገር ባቡሩን ወደድኩት። በእግሬ ስሄድ የማስበው ስለ ጭቃው፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ወንዙ ሙላት ነበር። እዚያ ግን እኔ ተቀምጬ አገሩ ያልፋል። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ምድሩ እየደረቀ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ።

የከፋኝ ሌላ ነው። እኛ አገር መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ሳይባባል አይተላለፍም። እዚህ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን ቋንቋችን አልተገናኘም። ፊት ለፊቴ የነበረች ሴት ደጋግማ አናገረችኝ፤ አልገባኝም። ከቅል ወተት ቀድታ ሰጠችኝ። ሁዳዴ ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንቢ አልኳት። ጾም ነው የምልበት ቃል አጣሁ። የተጸየፍኳት መስሏት መሆን አለበት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከበሶዬ ቆርሼ ብዘረጋላትም አላየችኝም። ከዚያ በኋላ እስክትወርድ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አዋሽ አድረን በማግስቱ ድሬዳዋ ገባን። ወንድሜን ፉርጎ የሚጠገንበት ቤት አገኘሁት። ልብሱ ዘይት በዘይት ሆኗል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስት አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል።

«አባታችን እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ዓይናቸው ደክሟል። ይምጣልኝ ብለዋል።»

«በቅሎዎቼ ሦስቱም መንገድ ላይ አለቁ» አለ።

«በቅሎ ማን ጠየቀህ፣ አያ?»

«እህት ዓለም፣ እኔ የጣሊያንን ስንቅ የጫንኩ ሰው ነኝ። ጫካ ያሉት የአጎቶቻችን ልጆች ምን ብለው ይቀበሉኛል?»

«በግድ ነው የወሰዱህ።»

«መጀመሪያ በግድ ነው» አለና ልጁን ከሚስቱ እጅ ተቀበለ።

የጎረቤቶቻችንን ዝምታ አይቼ ነው የመጣሁት። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፤ ሁለተኛ ና አላልኩትም።

እኛ አገር ሸኚ እስከ ወንዙ ይሸኛል፤ እዚያ ቆሞ ደግሞ ሌላ ወሬ ይጀመራል፤ መለያየቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባቡር ይህን አያውቅም። ወንድሜ በመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ «ለአባታችን ንገሪያቸው…» ሲል ፊሽካው ተነፋ። ጥቂት ከጎኔ ሮጠ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ኮቴዬን ሰሙ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አባቴ። ደህና ነው። የልጅ ልጅ አይተዋል።»

የልጁን መልክ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወንድሜ ለምን እንደቀረ ግን አልጠየቁኝም። ብዙ ቆይተው፣ «ለመሆኑ ድሬዳዋ በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። ባቡር ላይ ተቀምጬ ስለነበር፣ ሄጄ መጥቼ እንኳ ርቀቱን አላውቀውም ነበር።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና በትራቸውን እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ።