ነፋስ የገለጠው ገጽ

ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከነፋስ ጋር አይጣላም። የተሰጣ ልብስ ጎረቤት ግቢ ሲያደርስብኝ፣ ሻሼን ከራሴ ላይ ገፍፎ አስፋልት ሲያሻግር፣ የምሳ ሳህኔ ላይ አቧራ ሲነሰንስ ለምጄው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ግን ይኸው ነፋስ በክፍሌ መስኮት ገብቶ በተማሪዎቼ ፊት አዋረደኝ። ያን ቀን ብረግመውም ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ሶማሊኛን ከገበያና ከጎረቤት ለቅሜ አደግኩ። የተማሪዎቼ የቤት ቋንቋ ሶማሊኛ ነው። እሱን በላቲን ፊደል ይማራሉ። ዱክሲ፣ ማለትም ቁርኣን ቤት፣ ሄደው ደግሞ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ይቀራሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው እኔ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ፊደል ተሸክሜ እመጣባቸዋለሁ። ጣቱን ከመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ አሳርፎ “ቲቸር፣ ከዚህ ነው?” የሚለኝ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ሁሉም “አንቺ” ነው የሚሉኝ። ቤታቸው እናትም አክስትም “አንቺ” ናትና አልቆጣም።

በሌላ ነገር ግን እቆጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ዝምታ አልችልም። እናቴ “ዝም አይነቅዝም” እያለች ብታሳድገኝም ምክሩ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ልጅ አንድ ቃል ላይ ሲቆም አላስችል ይለኛል፤ ልዘንለት ይሁን ልናደድበት ለይቼው አላውቅም። ብቻ ልጁ አፉን ሳይከፍት ቃሉን ወርውሬለት እገላገላለሁ። እኔ በዜማ አነባለሁ፣ ክፍሉ በዜማ ይከተለኛል። ስልሳ ምናምን ልጅ አንድ ላይ ሲያነብ ድምፁ ከግቢው አልፎ የባጃጅ ሹፌሮች ዘንድ ይደርስ ነበር። እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምኮራባት አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ከቱሊ ጉሌድ በኩል በማለዳ መኪና የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን እያመጣች ገበያ ትሸጣለች፤ ልጅቱ ከተማ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። ቀጭን፣ ረጅም አንገት ያላት፣ ስታነብ ትከሻዋን ወደ ኋላ የምታደርግ ልጅ ናት። መጽሐፉን ከፍታ ስትጀምር የምንጭ ውኃ ነበረች፤ አንድ ቦታ አትደናቀፍም። እናትየዋ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ገበያ መሃል ግን “ልጄ የአማርኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ታነባለች” እያለች ወተት ከሚሸጡት ሴቶች ጋር ትፎካከር ነበር።

ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘግቶት ከርሞ ሲከፈት ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በየተራ መምጣት ጀመረ። የንባብ ዜማውም ሳሳ። በዚያ ሰሞን ነው መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ይዘን ስንጨዋወት የሒሳብ መምህራችን፣ ነገር መቆስቆስ የሚወድ ሰው፣ “ያንቺ ተማሪዎች ካሴት ናቸው። ከመሃል ጀምሩ ብትያቸው አይችሉም” ያለኝ። ደሜ ፈላ። “የወላጆች ቀን ርእሰ መምህሩ ራሱ የፈለገውን ወረቀት ይምረጥ። አይታው የማታውቀውን። ያቺ ልጄ ታነብለታለች” አልኩ። ርእሰ መምህሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከጎናችን ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ጻፈው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወሬው በልጅቱ በኩል ገበያ ደረሰ። በሁለተኛው ቀን እናትየዋ በትምህርት ቤቱ በር ጀሪካኗን አስቀምጣ ጠበቀችኝና “መዓሊመድ፣ የወተት ሴቶች በሙሉ እንመጣለን” አለችኝ። መዓሊመድ መምህርት ማለት ነው። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ነፋሱ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ልጅቱ ቆማ ስለ ዶሮዋና ስለ ጫጩቶቿ ታነባለች። መጽሐፉ አምና የአጎቷ ልጅ የተማረበት፣ ጥርዙ የላላ ነው። በተሰበረው መስኮት ነፋሱ ሲገባ ሦስት ገጽ በአንዴ ገለጠው። ጭነት የተሸከመች አህያ ሥዕል ያለበት ገጽ ተከፈተ። ልጅቱ አላቋረጠችም። ጣቷ የአህያዋን ጆሮ እየነካ አፏ ስለ ዶሮዋ ይናገራል። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ እጁን ዘርግቶ በትሕትና ገጹን ወደ ቦታው መለሰላት። ማንም አልሳቀም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። አንድ ልጅ እንኳ አለመሳቁ፣ ሁሉም የሚያደርገው ያንኑ መሆኑን ነገረኝ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ እሷን አስቀረኋት። ከዶሮዋ ገጽ መሃል አንድ ቃል በጣቴ ጠቁሜ “ይሄ ምንድነው?” አልኳት። ልጅቱ ከርእሱ ጀመረች። በሹክሹክታ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያዘለለች መጣችና ጣቴ ጋ ስትደርስ “ሰበሰበች” አለችኝ። ትክክል ነው። ያንኑ ቃል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ብቻውን ጻፍኩት። ለረጅም ጊዜ አየችውና “ይሄ የስንተኛው ገጽ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

መቆጣት ጀምሬ ነበር። “ታታልይኛለሽ?” ልል አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁት። ምንም የጥፋት ምልክት የለበትም። “ሁሉንም አውቀዋለሁ። አንቺ አንብቢ ስትይኝ እላለሁ። ሌላ ማንበብ አለ እንዴ?” አለችኝ። ዱክሲ ረጅም ምዕራፍ በቃሏ የያዘች ልጅ ናት፤ የእኔ ሠላሳ ገጽ መጽሐፍ ለእሷ ምኗም አይደለም። እኔ ቃሉን ስወረውርላት እሷ ተቀብላ አስቀመጠች፤ ሁለታችንም ማንበብ አልነው። አፈርኩ። የወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ያን ቀን የማታውቀው ወረቀት ቢሰጣት እናቷና የወተት ሴቶቹ ፊት ድርቅ ብላ ልትቀር ነው። እዚያ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ ዱክሲዋ ሄድኩ። መዓሊኑ፣ የቁርኣን መምህሯ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ልጆቹ ሎሃቸውን፣ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ጉልበታቸው ላይ ይዘው ይንጫጫሉ። እኔም በሶማሊኛዬ “መዓሊን፣ ልጆቹን እርስዎ በቃል መያዝ አስለመዱብኝ” አልኩ። ሳቁብኝ። “በቃል መያዝ ምን አደረገሽ? የእኔ ሎህ ይታጠባል። የዛሬውን ሲጨርሱ በውኃ ያጥቡትና ነገ ሌላ ይጽፋሉ። ያንቺ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው” አሉኝ። ከዚያ “ልጁ ሲቆምብሽ ምን ታደርጊያለሽ?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“እነግረዋለሁ።”

“እኔ ሻይ እጠጣለሁ” አሉ ሽማግሌው፣ ብርጭቆአቸውን አንስተው እያሳዩኝ። “እስክውጥ ድረስ ብዙዎቹ ያገኙታል።”

ሎሁን እንዲያውሱኝ ስለምናቸው የቁርኣኑን እንደማይሰጡኝ፣ ነገር ግን የሚሠራላቸው አናጺ ገበያው ጀርባ እንዳለ ነገሩኝ። አናጺው ከበር የተረፈ ጣውላ ቆራርጦ ስድስት አወጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ከልጅቱ ጋር እንቀመጥ ጀመር። ከሰል በጥብጠን፣ በተሳለ እንጨት እየነከርን፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር እጽፍላታለሁ። ስታነበው ግቢው ውስጥ ያለው ችግኝ ሥር ሄዳ ታጥበዋለች። ምስጢሩን ለማንም አልነገርኩም፤ ለሒሳብ መምህሩማ ጨርሶ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለእኔ ከእሷ ይልቅ ከበደኝ። ቴርሞስ ሙሉ ሻይ ይዤ እመጣለሁ። እሷ “ጀ...” ላይ ስትቆም እኔ እጠጣለሁ። “ጀሪ...” ስትል ሁለተኛ ብርጭቆ። ሆዴ ውኃ ያዘለ ስልቻ መሰለ፤ ምላሴ ተቃጥሎ ወጥ ሳይቀምስ የዋለበት ቀን አለ። እሷ ደግሞ ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን ሎሁን ወርውራ “በፊት እችል ነበር፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽኝ” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በፊት የምንጭ ውኃ የነበረችው ልጅ አሁን እንደ ሸክመኛ ታቃስታለች። ሎሁን አነሳሁና መለስኩላት፤ ሻዬንም ቀዳሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ቀን ድካም ይዞኝ የመጣልኝን ጻፍኩላት። “የርእሰ መምህሩ ፍየል የእኔን ሻይ ጠጣች።” ልጅቱ ጀመረች። ርእሰ መምህሩ ላይ አራት ጊዜ ወደቀች፣ ተነሳች። ፍየሏን አገኘቻት። ሻይን አገኘችው። መጨረሻው ላይ ደርሳ “ጠጣች” አለች። እኔም ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ነበርኩ። ከዚያ ዓይኗ ከሎሁ ወደ ቴርሞሱ፣ ከቴርሞሱ ወደ እኔ ሄደና ሳቋ ፈነዳ። አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከዴስኩ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ስለ ዶሮዋ ያንን ሁሉ ጊዜ ስታነብ ፈገግ ብላ እንኳ አታውቅም ነበር። ያን ቀን በደስታ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሷ በሳቅ፣ እኔ በእንባ ሎሁን አብረን አጠብነው።

በማግስቱ ስድስቱንም ሎህ ክፍል ይዤ ገባሁ። ልጆቹ በተራ ለጓደኛቸው ይጽፋሉ፤ ጓደኛው አንብቦ ካልሳቀ አላነበበም ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ላይ ያልተጻፈ ጉድ አልቀረም። የሒሳብ መምህሩ ግመል አገባ። እኔም ጭራ ወጣልኝ። ፊደሉ ግማሹ ተገልብጦ ነበር፤ ቀስ ብለን አስተካከልነው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ወላጆች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ የአብዛኛው የአፍ መሸፈኛ አገጩ ላይ ነው። የወተት ሴቶቹ በደማቅ የድሪያ ቀሚሳቸው የፊቱን ረድፍ ሞልተውታል፤ እናትየዋ መሃላቸው ናት። ርእሰ መምህሩ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለልጅቱ ሰጣት። ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ነው። እኔ ከጎን ቆሜያለሁ። ሻይ አልያዝኩም።

ልጅቱ ጣቷን ከግራ ጫፍ ላይ አሳረፈች። “ለ... ለቤተሰብ... ጤና...” አለች። የወተት ሴቶቹ ተያዩ። እናትየዋ ፊቷ ጠቆረ፤ ልጇ ቤት ውስጥ ስታነብ እንዲህ አታቃስትም ነበርና። “ምን ነካት? አሟታል?” ስትል ሰማኋት። የሒሳብ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቱ ቀጠለች። “ወተት... ከመጠጣቱ... በፊት...” አለችና ቆመች።

ነፋሱ እንኳ ቆመ። ጣቷ ቀጣዩ ቃል ላይ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። እናትየዋ ከመቀመጫዋ ልትነሳ ስትል አየሁ። አልቻልኩም። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄጄ አፌን ከፈትኩ።

“ቲቸር፣ አትንገሪኝ” አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

አፌን ገጠምኩ። ግቢው በሙሉ ጠበቀ።

“መ... መፍ... መፍላት። ወተት ከመጠጣቱ በፊት መፍላት አለበት።”

ከዚያ አማርኛ የምታውቀዋ ሴት ለማታውቀዋ ተረጎመችላትና ግቢው ታወከ። የወተት ሴቶቹ ወተታቸውን ጥሬውን ነው የሚሸጡት፤ የግመል ወተት መድኃኒት ስለሆነ እሳት አያሻውም ባዮች ናቸው። እናትየዋ ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ ልጇ መጣች።

“ማነው እንዲህ ያለው? አንቺ ነሽ?”

“እኔ አይደለሁም፣ እማ። ወረቀቱ ነው” አለች ልጅቱ።

እናት ወረቀቱን ተቀበለቻት። አገላብጣ አየችው፣ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲለቅ ይታየኛል። ጎንበስ ብላ “የቱ ጋ ነው ያለው?” አለቻት። ልጅቱ የእናቷን ጣት ያዘችና ቃሉ ላይ አሳረፈችው።

“ደግመሽ በይው” አለች እናትየዋ፣ ጣቷን ሳታነሳ። “ቀስ ብለሽ።”