ቆጮ ጉድጓድ ላይ የተጫነው ብረት

የፈንጂ ማምከን ሥራ በጀመርኩበት ቀን አሠልጣኛችን ባዶ የቅንቡላ ቀፎ አስይዞኝ፣ «መሬት ላይ አስቀምጠው» አለኝ። አስቀመጥኩት። «ሞተሃል» አለኝ። «ምን አደረግኩ?» ስለው፣ «ድምፅ ሰማሁ» አለ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፤ ተራቸው ሲደርስ እነሱም ሞቱ። ያለ ድምፅ ማስቀመጥ እስክንችል ወገባችን ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ድንበር አካባቢ ፈንጂ ሳመክን ኖርኩ። በሆዴ ተኝቼ፣ አፈሩን በመመርመሪያ ዘንግ በስሱ እየወጋሁ። እንደ እኔ የረጋ እጅ ያለው የለም ብዬም እኮራ ነበር።

አንድ ጊዜ ለእረፍት ሆሳዕና ከተማ መጥቼ፣ ሀቢቾ መንደር ያለችውን አክስቴን ኤርጎጌን ልጠይቅ ሄድኩ። ቆጮ ልታወጣ ወደ ጓሮ ስትሄድ ተከተልኳት። ቆጮው የሚብላላበት ጉድጓድ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በድንጋይ ተጭኗል። ከድንጋዮቹ መሃል ዝገት የበላው ብረት አለ። ክንፉን ሳይ አወቅኩት። ቅንቡላ ነው፤ ተተኩሶ ያልፈነዳ።

«አክስቴ፣ እጅሽን መልሺ!» ብዬ ጮህኩ።

ሟቹ ባሏ ድሮ ወታደር ይለማመድበት ከነበረ ሜዳ ያመጣው እንደሆነ ነገረችኝ። ከባድ ስለሆነ ለመጫኛ ተስማማቸው። ቆጮ ባወጣች ቁጥር ታነሳዋለች፣ ትመልሰዋለች።

«ስትመልሺው እንዴት አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«ቀስ አድርጌ ነዋ! ከወረወርኩት ኮባው ይቀደዳል፣ ቆጮው ይበላሻል። እናትህ ይህንንም አላስተማረችህ?»

እኛ ከሞት ለማምለጥ የተማርነውን እሷ ለኮባ ብላ ስታደርገው ኖራለች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ተገርሜ አላውቅም።

ስደውል የአምካኞች ቡድን መጣ። አለቃው ሻምበል አጎንብሶ አየውና፣ «አይነካም። ባለበት ይፈነዳል» አለ።

«ከሥሩ ያለው የዓመት ቀለቤ ነው!» አለች አክስቴ። «ስንቴ ያነሳሁትን፣ እኔው ላንሳላችሁ።»

«ያን ጊዜ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር፣ እናቴ። አሁን አውቀዋል፤ እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

እጇን አየች። እውነትም ይንቀጠቀጣል። «እሺ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ዙሪያውን አሸዋ በተሞላ ጆንያ ከበን፣ የመንደሩን ሰው አርቀን አፈነዳነው። ቆጮው እንሰቱ ላይ ተበተነ። አክስቴ አለቀሰች።

በማግስቱ የጎረቤት ሴቶች ከየጉድጓዳቸው ቆጮ በኮባ ጠቅልለው መጡ። እኔ አዲስ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ እነሱ ሞሉላት። መጫኛውን እኔ ደረደርኩ። የመጨረሻው ድንጋይ ከብዶኝ ልለቀው ስል፣ «ቀስ!» አለችኝ።

«ይሄ እኮ ድንጋይ ነው፣ አክስቴ።»

«ያኛውም ድንጋይ ነበር።»

ዛሬ አዲስ ገቢዎችን ሳሠለጥን መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ምን እንደሆነ ብታውቁም ባታውቁም፣ የያዛችሁትን ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡ።