የሰይድ ደረት ንጹሕ ነበር

ከወሎ ልንወጣ ዋዜማ ማታ ባለቤቴ ሰይድ ጥፍሩን ሲፈትግ አመሸ። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ጉድጓዱ ተዘግቶ ወር ቢያልፈውም ጥቁሩ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። እናቱ እማማ ዘሃራ ሎሚ ቆርጠው ሰጡት። «ተወው ልጄ፣ ሥራ የሚወድ ሰው መሆንህን ያዩበታል» አሉት። ሳቅን። ጠዋት በአውቶቡሱ መስኮት ሳይ የጉድጓዱ ሰዎች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከውጭ የሚመጣው ከሰል ረከሰ ተብሎ ሥራ የፈቱ ናቸው። ዲቪ የደረሰው ለሰይድ ብቻ ነበር፤ አምልጠናል አልኩ። ሞኝ!

አሜሪካ፣ ኦክላንድ ስንገባ ሐምሌ ነበር። እዚህም ሐምሌ ብርድ ነው፤ ዝናቡ ቀርቶ ጉም ብቻ። ሰይድ ከወደቡ ማዶ መርከብ የሚጠገንበት ሺፕያርድ ተቀጠረ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የወሎ ሰው መርከብ ሊፍቅ! መርከቡን ከውኃ አውጥተው እንደ ፎቅ ያቆሙታል፤ እሱ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ተስቦ ገብቶ ዝገትና አሮጌ ቀለም በማሽን ይፍቃል። ማታ ሲመጣ በርበሬ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር ቀይ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ መርከቦቹ ቀሩ። ሌላ አገር በርካሽ ይጠገናሉ አሉ። መጀመሪያ የማታውን ፈረቃ አስቀሩ፣ ቀጥሎ ግማሹን በር ዘጉ፣ በመጨረሻ ሁሉንም አሰናበቱ። ወጣቶቹ ሳን ሆዜ መጋዘን ገቡ። ሰይድ ደረጃ መውጣት እንኳን አቅቶት ነበር።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ፤ እዚህ ያላችሁም፣ ልትመጡ የምታስቡም። ከመሰናበቱ በፊት ኩባንያው እያንዳንዱን ሠራተኛ በነርስ አስጠየቀ። አብሬው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሲያስል ነበር። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ «ትንፋሽህ እንዴት ነው? የሚያምህ ነገር አለ?» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ደግማ ጠየቀችው። ደህና ነኝ አለ። ሦስተኛ ስትጠይቀው አየኝና «ትንሽ…» ብሎ ጀመረ። ጭኑን ቆንጠጥ አደረግኩት። ለባዕድ ሰው ማማረር ነውር ነው ብለው አሳድገውናል፤ ደግሞም በሽተኛ ተብሎ ሌላ ሥራ እንዳያጣ ፈራሁ። «ደህና ነኝ» አለና ፈረመ።

በሦስተኛው ወር ሐኪም ቤት ገባ። ሳንባው በብናኝ ጠባሳ ሆኗል፣ ኦክስጅን ያስፈልገዋል አሉን። ያሳክሙት እንደሆነ ብለን ኤመሪቪል ወዳለው የኩባንያው ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድን። ልጃችን ሐያት አስተረጎመች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል።

የቢሮዋ ሴትዮ ሰይድ የፈረመበትን ወረቀት በብዕሯ ነካ ነካ አደረገችው። «ደህና ነኝ ብለው ፈርመዋል።»

«ንገሪያት፣ ሐያት። በእኛ አገር ትናንት እናቱን የቀበረም ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

«ማሚ፣ ፕሊስ…»

«ንገሪያት አልኩሽ!»

ነገረቻት። ሴትዮዋ «ሦስት ጊዜ ተጠይቀው ሦስት ጊዜ ደህና ብለዋል» አለች።

«ነርሷ ሦስቴ የጠየቀችው ስላላመነችው ነዋ! ሳሉን እየሰማች!»

ሴትዮዋ ገጽ ገለበጠች። «ባለቤትዎ አገራቸው ከሰል ይቆፍሩ ነበር። ኩባንያው ሳንባቸውን የጎዳው ያ ነው ይላል።»

ለቪዛው ምርመራ አዲስ አበባ ደረቱን ሲያነሡት፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ ብለው የሰጡንን ኤክስሬይ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጬው ነበር። ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። «ይኸው ከከሰል ጉድጓድ የወጣው ደረት! ንጹሕ ነው ብላችሁ ያስገባችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

በመስኮቱ ብርሃን አየችው። መልሳ አስቀመጠችውና «ይሄ እኮ አሮጌ ነው» አለች።

«አዎ አሮጌ ነው! ሰውየውም ያኔ አዲስ ነበር!»

ሰይድ እንኳ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ አመጡለት። ከፋይሉ ጋር ይያያዛል፣ ውሳኔው በፖስታ ይመጣል ተባልን። ልንነሣ ስንል ዝም ማለት አቃተኝ። «ሐያት፣ ይሄንንም አጽፊልኝ። ሊናገር ሲል ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ በያት።»

ሐያት አልተረጎመችውም። ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ደብዳቤው እስካሁን አልመጣም። ፖስተኛውን ባየሁ ቁጥር በር ላይ እወጣለሁ። ትናንት እሁድ እማማ ዘሃራ ደወሉ።

«ፋጤ፣ ልጄን አገናኚኝ እስቲ። ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።»

«ሥራ ላይ ነው፣ እማማ።»

«በእሁድ?»

«መርከብ መጥቶ…»

«ይሁን፣ ሥራ ካለ ደግ ነው። እዚህማ ጉድጓዱ እንደተዘጋ ነው።»

ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ ሰይድ ሳሉን ጀመረው። በትራስ ሊያፍነው ሲታገል ይሰማኛል። «ዝናቡስ ጣለላችሁ ወይ?» አልኩ ጮኼ። «ማሽላው እንዴት ሆነ? በሬውስ?»

«ምን ያስጮኽሻል፣ ፋጤ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሰማለሁ እኮ።»