አይናለም የገዛችው፣ እድሩ የያዘው ቤት

የነሐሴ መባቻ ነው። አይናለም ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ በመዳፏ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋች ታቃናዋለች። አልቆ የሳሳ የሳሙና ቁራጭ አንስታ መስመር ታሰምርበታለች። መቀሱን ስትሰድ እጇ አይቆምም፤ ከቆመ የጨርቁ ጠርዝ ይንሻፈፋል። ከዚያ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋ በጥፍሯ ትጫነዋለች፣ መርፌው ስር ታስገባዋለች፣ እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል። ሰማያዊ የተማሪ ሱሪ ነው። ልትሰቅለው ቀና ስትል ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ትከሻዋ ላይ ያርፋል። ሱሪውን ታሸሻለች፣ ሰማዩን ትገላምጣለች።

"የገዛ ቤቴ እያለ!" ትላለች። "የገዛ ቤቴ እያለ ሰው በረንዳ ላይ!"

እውነቷን ነው፣ ቤት አላት። ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ፊት ለፊት ባለው ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ። ከአምበር መጥታ ስንት ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ እቁቧ ሲደርሳት የገዛችው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሰፋ ያለ ተገኝቶላት ነበር፤ እምቢ አለች። ልብስ የሚያሰፋ ሰው ደረጃ አይወጣም። ይኸኛው ጠባብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ይጮኽበታል፣ ከጎኑ ያለው ሙዚቃ ቤት ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። መስኮቱ ግን መንገድ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው የተሰቀለውን ቀሚስ ሳያይ አያልፍም። ስሌቷ ትክክል ነበር። የሳተችው ሌላ ቦታ ነው።

የቤቱ ሻጭ ጸጋው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር ቁልፉን ለግቢው እድር ትቶ ሄደ፤ እድሩም ዕቃውን አስገባበት። ድንኳን ከነብረቱ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሳፋ፣ ብረት ድስት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ጎላ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሬሳ ቃሬዛ።

ውል የተፈረመ ቀን የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምለው ከምስክሮቹ አንዱ ነበሩ። ፊርማው እንዳለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ያችን ዕቃችንን ትንሽ ብትታገሽን? ቦታ እስክናገኝ ነው።"

እዚያው ላይ "ቀን ይቁረጡልኝ" ማለት ነበር። ውሉ ላይ አንዲት መስመር ማስጨመር ነበር። አይናለምን ግን ይሉኝታ ያዛት። ሽማግሌ ናቸው፣ ጎረቤቷ ሊሆኑ ነው፣ ያውም የእድር ነገር ነው።

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ! የራስዎ ቤት ነው" አለቻቸው።

እሳቸውም አመኗት።

ይህ የሆነው ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በጠየቀች ቁጥር ምክንያቱ አዲስ ነው። አንዴ ዕቃው ይዛወርበታል የተባለው የጋራ መገልገያ ቤት ጣራው ያፈሳል። ጣራው ሲጠገን በር የለውም። አንዴ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ተቀጥሮ፣ ኮሚቴው በሙሉ ለቅሶ ሄዷል። መጮኽ ደግሞ አይቻልም። ከአከራይ የተጣላ ቤት ይቀይራል፤ ከእድር የተጣላ ወዴት ይሄዳል?

ክረምቱ ሲገባ ተከራይታ የምትሰፋበት በረንዳ ባለቤት ሱቁን ሊያሰፋ ነውና በነሐሴ አጋማሽ ልቀቂ አላት። ነሐሴ ለልብስ ሰፊ የዓመቱ ቀለብ ነው፤ ዩኒፎርም የሚሰፋው ያኔ ነው። ያኔ ቦታ ያጣች ደንበኞቿን ለሌላ አስረክባ ትቀመጣለች፤ የሄደ ደንበኛ ደግሞ ለከርሞ አይመለስም።

ልትለቅ ጥቂት ቀን ሲቀራት ከወዲያኛው ብሎክ አንድ አዛውንት አረፉ። ጥሩምባ ተነፋ፣ ጎረምሶች መጥተው ዕቃውን ተሸክመው አወጡ። አይናለም የቤቷን ወለል ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ብዙዬ የምትባል መምህርት ከላይዋ ትኖራለች። ከደረጃው ላይ ጎንበስ ብላ፣

"አንቺ! ምን ቆመሽ ታያለሽ? የስፌት መኪናሽን አስገቢና ቁልፉን ቀይሪ!" አለቻት።

"ሰው ሞቶ?"

"አንቺ አልገደልሻቸው!"

"ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።"

"እንግዲያው ቀጣዩን ሟች ጠብቂ። ማን ይሁንልሽ? እኔ ልሁንልሽ?"

አይናለም መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ሄዳ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። ከዚያ ተመልሳ ወለሉን አጠበች፣ የስፌት መኪናውንና ጠረጴዛውን በባጃጅ አስጭና መስኮቱ ስር አቆመች።

የለቅሶው ድንኳን በተነቀለ ቀን እኔ ጎረቤቷ ሶኬት እየገጠምኩላት ነበር። ጋሽ ደምለው ከፊት፣ ጎላውን የተሸከሙ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ሆነው በሩ ላይ ቆሙ።

"ዞር በይ እስቲ ልጄ፤ ጎላው ከብዷቸዋል።"

አይናለም ከወንበሯ አልተነሣችም። "መሬት ያስቀምጡት ጋሼ።"

"የት መሬት?"

"ውጭ ነዋ!"

"የእድር ዕቃ ዝናብ ላይ? እድሩን ልታባርሪ ነው?"

"እኔስ እድርተኛ አይደለሁ? ሽንኩርት ስልጥ አላዩኝም? እኔም እኮ ዝናብ ላይ ነው የከረምኩት! ጎላን ዝናብ ምን ያደርገዋል? የሚበሰብሰው ጨርቅ ነው!"

ብዙዬ ከላይ፣ "ጎላው ውሃ ይፈራል እንዴ?" አለች። ጎረምሶቹ ሳቁ፤ አንደኛውን ጎላው ሊያመልጠው ነበር።

"የራስዎ ቤት ነው ብለሽኝ የለ?" አሉ ጋሽ ደምለው ተቀይመው።

"ብያለሁ። እርስዎን ነው ያልኩት። እርስዎ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ላፍላልዎ። ቃሬዛው ግን ከአልጋዬ ጋር አያድርም።"

ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሁሉም ተናገረ። መጨረሻ ላይ የተገኘው እርቅ ማንንም ደስ አላሰኘም። የፊቱን ክፍል እሷ ያዘች፣ መኝታ ክፍሉን እድሩ። "አንቺ ቦታ ካመጣሽ ዛሬውኑ እናነሣለን" አሏት። እንዲህ አድርገው ቦታ ፍለጋውን እሷ ላይ ጣሉት። ቃሬዛውም እንዳለችው አብሯት አያድርም። እሱ መኝታ ክፍል ነው፤ እሷ የምትተኛው መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ነው።

መሃል ላይ መጋረጃ ሰቅላለች፣ ንፋስ ይገልጠዋል። አንዱ ደንበኛ ቃሬዛውን አይቶ፣ "ልኬን የምትወስጂው ለኮት ነው ወይስ ለዚያኛው?" ብሏታል። እሱስ ይቀልዳል። ልጃቸውን ለዩኒፎርም ሊያስለኩ የሚመጡ እናቶች ግን አይቀልዱም፤ አንዴ አይተው የልጁን እጅ ይዘው ይመለሳሉ። መስኮቱ የጠራውን ቃሬዛው ይመልሰዋል።

ይህን ልጽፍ ነው ስላት ከመቀሱ ቀና አላለችም።

"እንግዲያው ይህን ጻፍልኝ" አለች። "ገበያው አጠገብ ባዶ ክፍል ያላችሁ፣ ጣራው የማያፈስ፣ በሩ ጎላ የሚያሳልፍ፣ እባካችሁ ለጋሽ ደምለው ንገሯቸው። ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው! ከራሳችሁ እንደመጣ አድርጋችሁ ንገሯቸው። አይናለም ላከችን እንዳትሉ፣ አደራ። ብቻ ትምህርት ሳይከፈት ይሁን።"