ስምንት ቅዳሜና አንድ ምርቃት

ኦብዱሊያ ቴራን መጀመሪያ የመጣች ቀን ምንም አልገዛችም። በሁለተኛውም ቅዳሜ አልገዛችም። እኔ ናቦር፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ኤሄ ሴንትራል ጎዳና ዳር ካለው የኮምፒውተር ገበያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኬብልና ብሎን ስሸጥ ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፤ ደንበኛን በአረማመዱ እለያለሁ። ሊገዛ የመጣ ሰው ዕቃ ዕቃውን ያያል። ይህቺ ሴትዮ ግን የምታየው ሻጮቹን ነበር።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ መነጽሯ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከቦርሳዋ የካሬ ደብተር አይጠፋም። ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ሁሉንም አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ኮምፒውተር በየዕቃው ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም ነው። ገንዘቤ ግን ትንሽ ነች። እርስዎ ቢሆኑ ከየትኛው ዕቃ ላይ ይቆጥባሉ?»

ፕሮሰሰር የምትሸጠው ዬሴኒያ «ከኬዙ ነዋ! ዕቃው የሚገባበት ቆርቆሮ ሳጥን አይደል እንዴ?» አለቻት። ከእኔ ፊት ለፊት ኬዝ የሚሸጠው ሊብራዶ ደግሞ ሳቀ። «ፕሮሰሰርን ማን ያየዋል እትዬ? እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ የሚያየው ኬዙን ነው። ይህን ይዩት፣ መስታወት አለው፣ መብራት አለው፣ ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው!»

እሷ ሁሉንም ትጽፋለች። እኔማ ልብ አውልቅ ብዬ ትቻት ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሱቄ ደጃፍ ቆማ ለብቻዋ ፈገግ ስትል አየኋትና አላስችል አለኝ።

«ምን አገኙ ዶኛ?» አልኳት፤ ዶኛ በእኛ አገር እመቤቴ እንደ ማለት ነው።

«ሁሉም ከጎረቤትህ ዕቃ ቆጥቢ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ጠበቁ? ዶሮ ሻጭ በግ ግዙ ሲል ሰምተው ያውቃሉ?»

«እሱማ ልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። ዛሬ የምጠይቀው፣ ከራስዎ ዕቃ ሌላ፣ በፍጹም የማይቆጥቡበት ምንድን ነው ብዬ ነው። ይህን ስጠይቅ ሰው ትንሽ ያስባል። ሲያስብ ደግሞ እውነቱን ይናገራል።» ደብተሯን አዞረችልኝ። ከስምንት ሻጮች ሰባቱ ፓወር ሰፕላይ ብለዋል። «እርስዎስ?»

«ፓወር ሰፕላይ» አልኳት። «ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው እሱ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ዕዳ ነው።»

ፓወር ሰፕላይ ካሉት ስምንተኛ ብላ ጻፈችኝ። እኔም እየሸጥኩ የማላውቀውን ነገር ስለተማርኩ ወንበር አወጣሁላት። ሕይወቷን የሰማሁት በዚያ ወንበር ላይ ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በየቅዳሜው ቁራጭ ቁራጩን።

የፓቹካ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ግንበኛ ነበር፤ ቤት ከመሥራቱ በፊት ፕላኑን በመሬት ላይ በኖራ ይስለው ነበር። እሷ ትንሽ ሳለች በኖራው መስመር ውስጥ እየገባች «ይኼ ወጥ ቤት ነው? በሩስ?» እያለች ታደርቀው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዋና ከተማ መጥታ አንድ የኢንጂነሮች ቢሮ ገባችና ሠላሳ ሦስት ዓመት ፕላን ስትስል ኖረች፤ መጀመሪያ በቀለም፣ በኋላ በኮምፒውተር። የቢሮው ባለቤት ሲሞት ልጆቹ ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት የሰፈር ሰው ሱሪ ስታሳጥር ቆየች። «መለካት አልተውኩም» ትላለች፣ «የምለካው ነው እንጂ ያነሰው።»

በመጋቢት ወር ኢንጂነር አሪዮላ የሚባል ሰው መንገድ ላይ አገኛት። ልጅ ሳለ ለልምምድ መጥቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። አሁን የራሱ ቢሮ አለው፤ አንድ ወንበርም ክፍት ነው። ግን ሥራው በስሪዲ ነው፤ ጣሪያው ከነብረቱ፣ ከነጥላው ተሥሎ መታየት አለበት። «የአንድ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ጣሪያ እሰጥዎታለሁ» አላት። «ሰኔ አሥራ አምስት፣ ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሙሉውን ምስል ካመጡልኝ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፤ አልዋሽዎትም።»

የስሪዲ መሣያ ፕሮግራሙን ቀድማ በሰፈሯ ነጻ ኮርስ ዘጠኝ ወር ተምራዋለች። የኮርሱ ኮምፒውተሮች ግን አርጅተው ጣሪያውን ሊከፍቱት እንኳ አልቻሉም። የነበራት ተስፋ ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር የምትጥለው እቁብ ብቻ ነበር፤ በስምንተኛው ቅዳሜ ይወጣላታል፤ አሥራ ስድስት ሺህ ፔሶ። እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ስለሌላት ትጠይቃለች።

አጠያየቋን ብታዩ! ፕሮሰሰር እግሩ ለምን በዛ? ፋን ነፋሱን ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚነፋው? ሙቀት የሚያስተላልፈው፣ የጥርስ ሳሙና የሚመስለው ፔስት ለምን በስሱ ብቻ ይቀባል? የማላውቀውን ስትጠይቀኝ አፍሬ ቤቴ ሄጄ አነብ ጀመር። እያንዳንዱን ዕቃ ሳትገዛው በፊት በደብተሯ በልኩ ሳለችው። ሊብራዶ አንዱን ትንሽ ኬዝ «ሁሉንም ይችላል» ብሎ ሊሸጥላት ሲል ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ምስል አውጪው ግራፊክስ ካርድ በአሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ይበልጠዋል» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ ስንት ዓመት ሸጫለሁ!»

«ሸጠው ይሆናል፤ ለክተው ግን አያውቁም።»

መተላለፊያው በሙሉ ሳቀ። ሊብራዶም ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም። አገልግሎት የሰጠ ግራፊክስ ካርድ ልትመርጥ ስትሄድ ደግሞ ካርዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። «ይህ ሲጋራ የሚጨስበት ቤት ነበር» አለች። ሻጩ ክው ብሎ ቀረና ከሥር ሌላ አወጣላት።

ስምንተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ካርዱን ሁሉ ገዝታ የቀረው ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ራም የሚባለው ሜሞሪ ነበር። ለጥሩ ፓወር ሰፕላይ አንድ ሺህ አራት መቶ ፔሶ ለብቻ አስቀምጣለች። ራሙ ግን በቀረው ገንዘብ ግማሹ ብቻ ነው የሚገዛው፤ ለጣሪያው ደግሞ ሙሉው ያስፈልጋታል። የኬዙን ዋጋ ልከራከርላት አብሬያት ወደ ሊብራዶ ሄድኩ።

ሊብራዶ አበልጄ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ሐሞቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ የተኛሁ ጊዜ ሁለት ወር ሱቄ ቆሞ የሸጠልኝ፣ አንዲት ሳንቲም ያላጎደለብኝ እሱ ነው። ትልቁን ኬዝ አወረደና ደረቱን ነፋ።

«ለአበልጄ እንግዳማ ዋጋውን ቀንሼ ብቻ አልተውም! ፓወር ሰፕላዩን በምርቃት ጨምሬያለሁ!»

እኛ ገበያ ውስጥ ከገዛኸው ላይ ትንሽ ነገር ያልተመረቀልህ እንደሆን አዝነህ ትሄዳለህ። የተመረቀልህን ከመለስክ ደግሞ ሻጩን ሰደብከው ማለት ነው፤ አበልጅ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ኦብዱሊያ አሰበች። ምርቃቱን ከወሰደች ያቺ አንድ ሺህ አራት መቶ ለራሙ ትሆናለች። ወደ እኔ ዞረች።

«ዶን ናቦር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሳጥኑን አነሳሁት። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከባድ ነው፤ ውስጡ መዳብና ብረት አለ። ይህን በዚህ ገበያ የማያውቅ የለም፤ ለእሷ ግን ነግሬያት አላውቅም። ያ ሳጥን ግን እንደ ባዶ የጫማ ካርቶን ቀለለኝ። ሊብራዶ እያየኝ ፈገግ ብሏል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ዝም እንኳ አላልኩም፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጥሩ ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገች። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ ዶን ሊብራዶ» ብላ ተቀበለች።

ሳምንቱን ሙሉ ምሳ አልገዛሁም። ታኮ፣ ያን በቂጣ የተጠቀለለ ምሳችንን፣ በቅርጫት የሚያዞረው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አልፎኝ ሲሄድ «ታመሙ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ኦብዱሊያ መጣች። ኮምፒውተሩን በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋዋለች፤ ከታክሲው ጀምሮ ደረጃውን ለብቻዋ ነው የወጣችው። ጣሪያው ማለቅ ያለበት ሰኞ ጠዋት ነው።

«ስስል ደህና ነው» አለች እያለከለከች። «ሙሉውን ምስል አውጣ ስለው ግን ድርግም! አሥራ አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥራ አራቴ ድርግም።»

ከፈትኩት። በሃያ ዓመቴ እንዲህ የተገጠመ ኮምፒውተር አላየሁም። ኬብሎቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ጥግ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ይታጠፋሉ። የላላ አንድ ብሎን የለም። በዚህ ሁሉ መሃል ያ ቀላል ሳጥን ተቀምጧል።

«ሙቀት ይሆናል» አልኩ። እንደገና መዋሸቴ ነበር።

«ለካሁት፤ ሙቀት አይደለም። ፔስቱንም አየሁ። ራሙንም አንድ በአንድ ሞከርኩ። ያልመረመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ።» ስሙን አልጠራችም።

በዚህ ገበያ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ የሚዘጋ የለም፤ የሳምንቱ ገንዘብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እኔ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረድኩት። የራሴን ኮምፒውተር ከጠረጴዛው ሥር ጎተትኩና ነቀልኩት። መተላለፊያው ሁሉ የሚሰማው የኩምቢያ ዘፈን የሚወጣው ከእሱ ነበርና ጸጥ አለ። ዬሴኒያ ከወዲያ «ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

የራሴን ፓወር ሰፕላይ ፈትቼ ስገጥምላት ሊብራዶ መዝጊያው ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ምን እያደረግህ ነው ናቦር? ምርቃቴ ምን ሆነ?»

«ቀላል ነው አበልጄ።»

«ምን ማለት ነው ቀላል?»

«ቀላል ነው። ባለፈው ሳምንት በእጄ ሳነሳው አውቄዋለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ላንተም አልነገርኩህም።»

ፊቱ ቀላ። «ሰው ፊት ነው የምትነግረኝ?»

«ያን ጊዜም የዋሸሁት ሰው ፊት ነው።»

ወጣ። ኦብዱሊያ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ ቆማ ነበር፤ አንድ በአንድ አቀበለችኝ። እዚያው ሱቄ ውስጥ አበራነው። ጣሪያውን አውጣ አለችው። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ፤ ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ በመስኮቶቹ የገባው ፀሐይ፣ የኳስ ሜዳው ላይ የወደቀው ጥላ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ድርግም አላለም። ሲያልቅ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሷ አንድ ምሰሶ በአራት ሴንቲ ሜትር መዛነፉን አይታ «ይኼን ነገ አስተካክለዋለሁ» እያለች ነበር።

ኮምፒውተሯን ከነፓወር ሰፕላዬ ይዛ ሄደችና አምስት ሳምንት ጠፋች። እኔም ኩምቢያ የለኝ፣ አበልጅ የለኝ፤ ሊብራዶ አሁን የሚያነጋግረኝ ስለ ክርስትና ልጁ ሲጠይቅ ብቻ ነው። በምርቃት የሚሰጣቸውን ቀላል ሳጥኖች ግን ከመደርደሪያው ላይ አውርዷቸዋል፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

አንድ ረቡዕ ፓወር ሰፕላዬን በዚያው የጠረጴዛ ልብስ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ለራሷ አዲስ ገዝታለች።

«ወንበሩስ?» አልኳት።

«መስኮት አጠገብ ነው» አለች። ፊቷ በርቷል።

ወንበሬን አወጣሁላት። «ዶኛ ኦብዱሊያ፣ ምርቃቱን የተቀበሉ ቀን ደብተርዎ ላይ ምን ነበር የጻፉት?» ብዬ ጠየቅኳት።

ገጹን ፈልጋ ሰጠችኝ። በዚያ ማተሚያ በሚመስል ጽሕፈቷ እንዲህ ይላል፦ «ዶን ናቦር አነሳው፣ በእጁ መዘነው፣ ዶን ሊብራዶን አየ። ከዚያ ጥሩ ነው አለ።»

ደግሜ አነበብኩት። «ያውቁ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን ወሰዱት?»

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

«ስምንት ቅዳሜ ሰው ስጠራጠር ከረምኩ ዶን ናቦር። ደከመኝ። ለአንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው ማመን አማረኝ።»

የራሴን ፓወር ሰፕላይ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ቦታው ልመልሰው ጎንበስ አልኩ። ለካ እንዲህ ከባድ ነበር።